የዱቤ ስሞች

ጎንደር ላይ «ግቢ» የሚባለው ነገር ሁለት ነው። ሽማግሌ ጠይቃችሁ እንደሆነ በከዘራው ወደ ፋሲል ግንብ ያመለክታችኋል። ተማሪ ጠይቃችሁ እንደሆነ ግን ወደ ማራኪ ወይም ወደ ቴዎድሮስ ይልካችኋል፤ ዶርም፣ ካፌና ላይብረሪ ያለበትን ማለቱ ነው። የፊተኛውን አፄ ፋሲለደስ በ17ኛው መቶ ዓመት ጀመሩት፤ ተከታዮቻቸው እየጨመሩበት ሄዱ፤ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። የኋለኛው በ1940ዎቹ አጋማሽ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ተከፈተ፤ የጤና መኮንንና ነርስ እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ነበር፤ ቀስ በቀስ አድጎ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ሁለቱም አጥር አላቸው፤ ሁለቱም በራቸው ላይ ዘበኛ አላቸው። አንዱ በቲኬት ያስገባል፤ አንዱ በመታወቂያ። ልዩነታቸው ይኸው ነው ብንል የታሪክ ክፍል ተማሪዎች ይቆጡን ይሆናል።

እኛ አምስታችን የተወለድነው በሁለቱ ግቢዎች መካከል ባለው ከተማ ነው። መቼም የምደባን ነገር የማያውቅ አንባቢ የለም። የአገሩ ልጅ ሁሉ ውጤቱን ይዞ ይጠብቃል፤ የጎንደሩ ጅማ፣ የጅማው ሐዋሳ፣ የሐዋሳው ባሕር ዳር ይደርሰዋል። እናት በሶ ትፈጫለች፣ ሻንጣ ይገዛል፣ መናኸሪያ ላይ ይለቀሳል። እኛን ግን በ2012 ዓ.ም. ምደባው እዚያው ከደጃችን ጣለን። በሶ የለ፣ ሻንጣ የለ፣ ልቅሶ የለ። ጎረቤት እንኳ «አለፋችሁ ወይስ ወደቃችሁ?» ብሎ ነበር የጠየቀን። ከእናቱ ቤት ሳይወጣ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው አይቶ አያውቅማ!

በግቢ «የከተማ ልጆች» ተባልን። በሰፈር ደግሞ «የግቢ ልጆች»። ሁለቱም ወገን የሌላው አድርጎ ቆጠረን ማለት ነው። ዳሩ ግን ጥቅም አላጣንበትም። ከአራቱም ማዕዘን ለመጣው ፍሬሽ ሁሉ አስተርጓሚ ሆንንለት። ሽሮ የት እንደሚረክስ፣ ሃንድ አውት የት በጥሩ እንደሚገለበጥ፣ የትኛው ሱቅ ዝርዝር እንደማይነፍግ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ባጃጅ ስትይዙ «ስንት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ እንል ነበር፤ የጠየቀ ሰው እንግዳ መሆኑ ይታወቅበታል። ዝም ብሎ ገብቶ፣ ሲወርድ ዝርዝሩን መስጠት ነው። ይህን ትምህርት ያለ ክፍያ ሰጥተናል።

ትልቁ ትምህርት ግን የውሃ ነበር። ጎንደር ውስጥ ውሃ ቀጠሮ የማያከብር ዘመድ ነው። የአንገረብ ግድብ ለከተማው ሕዝብ አልበቃ ካለ ቆይቷል፤ ስለዚህ ቧንቧው በወረፋ ይለቀቃል፣ ወረፋውም ደስ ባለው ሌሊት ይመጣል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ የቧንቧው አፍ መጀመሪያ ያስነጥሳል፤ ቀጥሎ ቀይ ነገር ይተፋል፤ ከዚያ አንዱ ጎረቤት «መጣች!» ብሎ ይጮሃል። ሰፈሩ በሙሉ ጀሪካኑን እያንኳኳ ይወጣል። የሰፈራችን ቧንቧ ጭጭ ያለ ሳምንት ደግሞ ወደ ሌላ ሰፈር መውረድ ነው፤ ባለ ሃያ ሊትሩን በሁለት እጅ፣ በጨለማ፣ በዚያ በድንጋዩ ቁልቁለት።

አንድ ሌሊት እንዲያ ስንወርድ ከአያ ጅቦ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ያ ረዥሙ ጓደኛችን፣ በቀን ሁሉን ነገር በፍልስፍና የሚያስረዳው፣ ቀድሞ ከኋላችን ሄዶ ቆመ። ሌላው ባዶ ጀሪካኑን ገልብጦ እንደ ከበሮ ይመታው ጀመር። ጅቡ ቆም አለ፤ አየን፤ ምናልባት ማኅበርተኞች መስለነው ይሆናል፤ መንገዱን ለቆልን ሄደ። ፈላስፋው በማግሥቱ ለክፍል ልጆች ሲያወራ ጅቡን ያባረረው እሱ ሆኖ ተገኘ። እኛም ዝም አልን፤ ጓደኛ ነዋ።

ከእትዬ ጋር ያስተዋወቀን ይኸው ውሃ ነው። እትዬ ከግቢው የኋላ በር አለፍ ብሎ ቡና ያፈላሉ። አንድ ጀበና፣ አንድ ረከቦት፣ ስድስት ዱካ፣ ከላይ ለፀሐይም ለዝናብም የሚሆን ሸራ፤ ንብረታቸው ይኸው ነበር። ውሃ የሚቀዳላቸው ወንድ ልጅ አልነበራቸውም፤ አራተኛ ክፍል የምትማር አንዲት ሴት ልጅ ብቻ። እኛ ከምንቀዳው አንድ ጀሪካን ጠዋት እናደርስላቸዋለን፤ እሳቸው ጤና አዳም ጣል ያደረጉበትን ቡና ይሰጡናል። ሒሳብ የሚባል ነገር በመካከላችን አልነበረም።

ከሌላው ተማሪ ጋር ግን ሒሳብ ነበራቸው፤ እሱም ዱቤ ነው። አንድ ሲኒ ቡና ያን ጊዜ 5 ብር ነበር። ተማሪ ብር የሚያገኘው ከቤት ሲላክለት ነው፤ ቡና የሚያምረው ግን በየቀኑ ነው። «እትዬ፣ ይጻፉብኝ» ይላል። እትዬ ፊደል አልቆጠሩም፤ የምትጽፈው ልጃቸው ሚጣ ናት። እናት ትናገራለች፣ ልጅ ትጽፋለች። ስም ጠይቀው አያውቁም። «ልጄ፣ ሰውን ቡና አጠጥቶ ስምህ ማነው ማለት የፖሊስ ሥራ ነው» ይሉ ነበር።

የመጋቢት 2012 ነገር አይረሳም። በወሩ 4ኛ ቀን የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ወደየቤታቸው እንዲሄዱ ተደረገ። ሻንጣው እንደገና ተጎተተ፤ አውቶቡሶቹ ተሰለፉ። እኛ ግን የምንሄድበት አልነበረም። አጥሩ ሥር ቆመን እጃችንን አውለበለብንና ወደ ቤታችን በእግራችን ተመለስን።

ከተማዋ ያለ ተማሪ ምን እንደምትመስል ያየነው ያን ጊዜ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ መጋረጃውን ዘጋ። ልብስ አጣቢዎቹ ሴቶች ሳፋቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ሽሮ ቤቱ ለሦስት ሰው ብሎ እሳት አላነድም አለ። ክፍል የሚያከራዩት «የሚከራይ» ብለው በካርቶን ጽፈው በር ላይ ሰቀሉ፤ ማን ሊያነበው? እኛ ስንማር የኖርነው ዩኒቨርሲቲ ከተማውን ያስተምራል፣ ያሳድጋል እየተባለ ነው። ከተማው ዩኒቨርሲቲውን በሲኒ፣ በሳፋና በድስት ተሸክሞት እንደኖረ ግን ያስተማረን ሰው አልነበረም።

እትዬም ስድስቱን ዱካ ወደ ቤታቸው አስገቡ። የቤት ኪራይ በወር 600 ብር ነው፤ ከሰል አለ፣ ጤፍ አለ። ውሃ ልናደርስ በሄድንበት አንድ ጠዋት ሚጣ ደብተሩን አምጥታ ከፊታችን ዘረጋችው። ደመርነው፤ 41 ስም፣ 1,640 ብር። ስም ካላችሁት ነው ታዲያ! ገጹ እንዲህ ይላል፦ «መነጽሩ፣ 35»። «ሁለት ስኳር፣ 20»። «ሳል፣ 40»። «የአርባ ምንጩ ረዥም፣ 55»። «አመሰግናለሁ፣ 15»። «ስልክ አይዘጋም፣ 60»። «ቁማ የምትጠጣው፣ 30»። አንድ ቦታ ላይ «ጥንዶቹ፣ 90» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ እሱ ተሰርዞ ከሥሩ «እሱ 45፣ እሷ 45» ይላል። አንድ ሙሉ ልብ ወለድ በሁለት መስመር! መጨረሻ ገጽ ላይ የእኛንም አገኘነው። «ውሃዎቹ፣ የለባቸውም» ይላል። ከዩኒቨርሲቲው በየመንፈቁ ብዙ ወረቀት ተቀብለናል፤ እንደዚያች መስመር ያኮራን ግን የለም።

«እትዬ፣ እኛ እየደወልን እንሰብስብልዎ» አልናቸው።

«ምን ብላችሁ?»

«ዕዳ አለባችሁ ብለን ነዋ።»

ሰውነታቸው ሁሉ ተቆጣ። «እናንተ ልጆች አብዳችኋል? በሽታ ፈርቶ አገሩ ለገባ ልጅ ስልክ ደውሎ የቡና ዕዳ መጠየቅ ነውር አይደለም ወይ? እናቱ ብትሰማ ምን ትለኛለች?» ጥቂት ዝም አሉና ደግሞ እንዲህ አሉ፦ «መደወላችሁ ካልቀረ በሰላም ገብታችሁ ወይ ብላለች በሉልኝ። ገንዘብ እንዳታነሡ። ያስታወሰ ያስታውስ።»

ደንቡ ይህ ሆነ። ሰላምታ እናደርሳለን፤ ገንዘብ አናነሣም። የቀረው «መነጽሩ» ማን እንደሆነ ማወቅ ብቻ ነበር፤ እንግዲህ መርማሪ መሆን ነው! በየክፍሉ የቴሌግራም ቡድን አለ፤ በየዶርሙ የምናውቀው ሰው አለ። «አመሰግናለሁ» ወዲያው ተገኘ፤ ለመብራት ማጥፊያ እንኳ አመሰግናለሁ የሚል አንድ የባዮሎጂ ተማሪ ነው። «የአርባ ምንጩ ረዥም» ብለን ስንጠይቅ ሁለት ረዥም ተገኘ፤ ለሁለቱም ሰላምታ አደረስን፤ ሁለቱም «55ቱ የኔ ነው» አሉ! «መነጽሩ» ለማለት የሚበቁ ደግሞ በአንድ ዶርም ብቻ ሰባት ነበሩ። «ሳል»ን ግን አላገኘነውም። በዚያ ሰሞን ማን ደፍሮ «ሳል የሚለው እኔ ነኝ» ይላል?

ገንዘቡ እንዴት ይምጣ? ቴሌብር ገና አልተወለደም፤ ለ40 ብር ተብሎ ደግሞ ባንክ አይሰለፍም። መላውን የፈጠረው «ስልክ አይዘጋም» ነው። እዚያው አገሩ የሞባይል ካርድ ገዝቶ ፍቆ፣ ቁጥሩን በመልእክት ላከልን። እኛ በብጣሽ ወረቀት ጽፈን ለባጃጅ ሾፌሮች መሸጥ ያዝን። የመጀመሪያው ሾፌር «የተፋቀ ካርድ ሰው ይሸጣል እንዴ? ከማን የሰረቃችሁት ነው?» ብሎ አፈጠጠብን። ታሪኩን ነገርነው። አላመነንም፤ ብቻ ቁጥሩን አስገባው፤ «ገባ!» አለ፤ 50 ብሩን አውጥቶ ሰጠን። በማግሥቱ ራሱ ፈልጎን መጣ፤ «የእትዬ ካርድ አለ?» ብሎ። ሳምንት ሳይሞላው በተራው «የእትዬ ካርድ» የታወቀ ዕቃ ሆነ።

«እሱ» 90 ብር ላከ፤ «የሁለታችንም ነው» የሚል መልእክት ጨምሮ። በሦስተኛው ቀን «እሷ» 45 ላከች፤ «የእኔን እኔ» ብላ። ገንዘቡን ለማን እንመልስ ብለን ስንከራከር እትዬ ፈረዱ፦ «ይቀመጥ። ምናልባት ይታረቃሉ።» አልታረቁም። 45ቱ ግን እስከዛሬ በደብተሩ ላይ አለ።

ከሁሉም ያስቸገረን «የጊምቢው» ነበር፤ 85 ብር። በኅዳር 2012 በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ብጥብጥ ተነሥቶ ብዙ ተማሪ በፍርሃት ግቢ እየለቀቀ መሄዱን ታስታውሳላችሁ። እሱም ያን ጊዜ፣ አንድ ሌሊት ሻንጣውን ይዞ ማንንም ሳይሰናበት የሄደ ነው። ስሙ በጥሪ ላይ ሲጠራ ዝም ሲባል ሰማን፤ ከዚያ መጠራቱም ቀረ። ስለዚህ እንደውልለት ወይስ እንተወው በሚለው ተከራከርን። አንዳችን «ከጎንደር የማያውቀው ቁጥር ቢደውልለት ምን ያስባል?» አለ። እውነቱን ነው፤ ያን ዓመት ከወዲያ ማዶ የሚመጣ ሰላምታ እንኳ የሚያስፈራ ሆኖ ነበር። እትዬ ሲሰሙ «እሱን ነው መጀመሪያ መጠየቅ» አሉ። «ሌላው በሽታ ፈርቶ ነው የሄደ። እሱ እኛን ፈርቶ ነው የሄደ። እኔን እንዳልፈራኝ ልወቅ።»

ደወልን፤ አይሠራም። ደግመን ደወልን፤ አይሠራም። ለካስ በምዕራብ ወለጋ ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር። ቢያንስ መልእክት እንተውለት ብለን ጻፍን፦ «እትዬ የቡናዋ በሰላም ገባህ ወይ ብላለች።» መልሱን እየጠበቅን ሌላውን ስንሠራ ቆየን። መጋቢት ሊያልቅ ሲል የወለጋ ስልክ ተከፈተ ተባለ። ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ማታ የአንዳችን ስልክ ጮኸ። የ100 ብር ካርድ ቁጥር ነው፤ ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «በሰላም ገብቻለሁ በልልኝ። መልሱን ስመጣ በቡና።»

ስናነብላቸው እትዬ ምንም አላሉም። ሚጣን ጠርተው «ጻፊ» አሉ። ሚጣም 85ቱን ሰርዛ «የጊምቢው፣ 15 አለው» ብላ ጻፈች። በደብተሩ ሙሉ ያ «አለው» የሚል ቃል የተጻፈበት የመጀመሪያው መስመር ነው።

ሥራችንን በግንቦት ስንዘጋው ሒሳቡ ይህን ይመስል ነበር። ከ41 ስሞች 33ቱን ለይተን አገኘን፤ 29ኙ ከፈሉ፤ 1,230 ብር ገባ። የሁለት ወር ኪራይ ሆኖ 30 ብር ተረፈ፤ እሱም ቡና ተገዛበት። አራቱ ሰላምታችንን በሰላምታ መለሱ፤ ስለ ቡናው ግን አላነሡም። እኛም አላነሣንም፤ ደንብ ደንብ ነው። ፈላስፋችን በእነዚያ በአራቱ ላይ ንግግር ሊያደርግ ሲጀምር እትዬ አቋረጡት። «እቤታቸው የባሰ ይኖር ይሆናል፤ ምን ታውቃለህ?» አሉት። ንግግሩ እዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ዱቤ ብዙ አውርተናል። ሁላችንም የመንግሥት ዱቤ አለብን እኮ! ወጪ መጋራት በ1996 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የገባ ተማሪ ሁሉ ለምግቡ፣ ለመኝታውና ለትምህርቱ ወጪ «ሥራ ስይዝ እከፍላለሁ» ብሎ ይፈርማል። እዚያ ቅጽ ላይ ስማችን እስከ አያታችን አለ፤ ፎቶግራፋችንም ተለጥፏል። ማንም «ሁለት ስኳር» ብሎ አይሳሳትም። ጥሩ መዝገብ ነው፤ እንከፍለዋለንም። ነገር ግን ያ መዝገብ ያስለን እንደሆነ፣ ቆመን ቡና እንጠጣ እንደሆነ፣ ከጓደኛችን ተጣልተን እንደሆነ አያውቅም። አንድ ልጅ በሌሊት ሲጠፋ ከስሙ አጠገብ የሚያደርገው አንድ ጭረት ብቻ ነው። በዚያች በቀጭኗ ደብተር ግን የሄደው ልጅ ቦታው አልተሰረዘም። ተማሪ የመጣበትን ቦታ ስም ለጠብ በሚጠራበት ዓመት፣ «የጊምቢው» የሚለው ቃል ሚጣ ደብተር ላይ የአንድ የሚወደድ ልጅ መለያ ሆኖ ኖረ፤ ልክ እንደ መነጽር፣ ልክ እንደ ስኳር። እኛ ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ ስንመላለስ ካገኘነው ትምህርት ይህን የሚያህል የለም።

በ2013 ዓ.ም. ተመራቂዎቹ ቀድመው ተጠሩ፤ ሌላውም በየተራው ገባ። ስድስቱ ዱካ ወጣ፤ ዛሬ ዘጠኝ ደርሷል። ከአምስታችን ሦስቱ ተመርቀው ሄዱ፤ ሁለታችን ሕክምና በመማራችን እስከዛሬ ከእትዬ ዱካ ላይ አልተነሣንም። ሚጣ አድጋለች፤ እንደ ወጉ ስምና ስልክ ቁጥር እንመዝግብ ብላ እናቷን ብትጠይቅ እሺ አላሏትም።

የጊምቢው አልተመለሰም። ትምህርቱን አገሩ አጠገብ ጨረሰ ሲባል ሰምተናል፤ ያ ቁጥሩም ከተለወጠ ቆየ። 15ቱ ብር ግን ከደብተር ወደ ደብተር እየተላለፈ ይኖራል። ያን ጊዜ የሦስት ሲኒ ዋጋ ነበር፤ ዛሬ በዚያ ብር ሦስት ሲኒ አይገኝም። ይህን ስናነሣ እትዬ «እኔ የያዝሁት ብር አይደለም፤ ሦስት ሲኒ ነው» ይላሉ።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ይህች ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ትሄዳለችና ለታላላቆቻችሁም አድርሱልን። ያልለየናቸው ስምንት ስሞች ዛሬም አሉ፤ ከእነሱም «ሳል» 40፣ «ሁለት ስኳር» 20፣ «ቁማ የምትጠጣው» 30 ይገኙባቸዋል። ማንም አይጠይቃችሁም፤ በሰላም መግባታችሁን ብቻ ላኩ። በእናንተ መካከል ከጊምቢ የመጣ፣ ወይም ወደ ጊምቢ የሚሄድ ካለ ደግሞ፣ እዚያ አንድ የቀድሞ ተማሪ ፈልጎ ጎንደር ላይ ሦስት ሲኒ ቡና እንዳለው ይንገርልን።